እህቴ፣ ክትፎውን ለሌላ ቀን!

 ለዛሬ ከአንዲት አንባቢያችን የመጣ ጥያቄ ይዤ ቀርቤያለሁ። ስሜ አይጠቀስ ስላለች ትተነዋል። እንዲህ ትላለች፦

«የ23 ዓመት የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ጋር ስምንት ሆነን፣ በመጪው ቅዳሜ ዝዋይ ወርደን በጀልባ ቱሉ ጉዶ ደሴት ልንውል ተስማምተናል። ወንዶቹ ‹መኪናና ጀልባ በእኛ፣ ምሳ በአንቺ› ብለው ጣሉብኝ። ሌላዋ ልጅ ‹እኔ ወጥ አልችልም› ብላ አመለጠች። እውነቱን ልናገርና፣ ከመሃላቸው በልቤ የያዝኩት ልጅ አለ። እስካሁን ትንፍሽ አላልኩም። ሙያዬን አይቶ እንዲወደኝ ክትፎ በአይብና ዶሮ ወጥ ሠርቼ በእናቴ አገልግል ይዤ ልሄድ አስቤያለሁ። ለዶሮውና ለቅቤው ብር ልበደር ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

እህቴ፣ የፍቅሩን ነገር መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ። ድስቱ ከተበላሸ ፍቅሩም አብሮ መበላሸቱ ስለማይቀር መጀመሪያ ስለ ድስቱ እናውራ።

እስቲ ሰዓቱን አብረን እንቁጠር። ዶሮውን አርብ ማታ 4 ሰዓት ላይ ታወርጂዋለሽ። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ትነሳላችሁ። ዝዋይ፣ የዛሬዋ ባቱ፣ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቁርስ ምናምን ስትሉ 3 ሰዓት ይሆናል። ከዚያ ጀልባ ተከራክራችሁ፣ ውሃው ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ሄዳችሁ፣ ደሴቷን ዞር ዞር ብላችሁ ምሳ ስትቀርቡ 7 ሰዓት ነው። ወጡ ከምድጃ ከወረደ 15 ሰዓት ሆነው ማለት ነው! ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሰዓቱን የምንቆጥረው ከቤት ከወጣንበት ነው፤ መቆጠር ያለበት ግን ምግቡ ከእሳት ከወረደበት ጀምሮ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ግልጽ ነው። የበሰለ ምግብ ያለማቀዝቀዣ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ወይ ከ5 ዲግሪ በታች ይቀዝቅዝ፣ ወይ ከ60 ዲግሪ በላይ ይሙቅ። በመሃል ያለው ሙቀት ለጀርም ሠርግና ምላሽ ነው። ዝዋይ ደግሞ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለች ሞቃት ቦታ ናት፤ የአዲስ አበባን ብርድ አታገኚባትም። «እዚያ ስንደርስ አሞቀዋለሁ» ብትይም አንዳንዱ ጀርም ጥሎት የሚሄደው መርዝ በማሞቅ አይጠፋም። ጥሬ ክትፎማ ጭራሽ አይነሳ! ጀልባዋ ላይ መጸዳጃ ቤት እንደሌለም አትርሺ። ያ በልብሽ የያዝሽው ልጅ ሆዱን ይዞ ሲያጣጥር ሙያሽን የሚያስታውሰው በምን መልኩ እንደሆነ አስቢው።

እኔም ከአንቺ የተሻልኩ አልነበርኩም። በወጣትነቴ ለእንዲህ ዓይነት ሽርሽር ወጥ በድስት ይዤ ጀልባ ላይ ወጣሁ። አንድ ማዕበል መጣና ድስቱ ተገለበጠ። ነጭ ሱሪ የለበሰው ጓደኛችን ቀኑን ሙሉ በቀይ ወጥ ዋለ። ምሳችን ሙዝ ብቻ ሆነ። የሚገርመው ግን ከዚያ ቀን የማስታውሰው ሙዙ እንዴት እንደጣፈጠኝ ነው።

ታዲያ ምን ይያዝ? የጀልባ ምሳ ሦስት ነገር ማሟላት አለበት፤ አይፈስም፣ ቶሎ አይበላሽም፣ በአንድ እጅ ይበላል። ለስምንት ሰው ይህን ሞክሩ፦

ዳቦ 16። ቱና 4 ቆርቆሮ፤ የሚከፈተው ልትበሉ ስትሉ ብቻ ነው፣ መክፈቻ አትርሱ። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሽንኩርትና ሎሚ ቤት ታጥበው፣ ሳይቆረጡ ይሄዳሉ፤ ቢላዋው በጨርቅ ይጠቅለል። ደሴቷ ላይ ከታትፋችሁ ከቱናው ጋር ዳቦው ውስጥ መክተት ነው። ቱና ለማይበላ የለውዝ ቅቤና ማር አለ። ከቤት ያልጠፋ በሶ ካለ ጠዋት ጭብጦ አድርጋችሁ ያዙ፤ እስከ ማታ ያቆማችኋል። ቆሎ አንድ ኪሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሙዝ 16፣ ብርቱካን 8። ሙዝና ብርቱካን ፈጣሪ ራሱ ጠቅልሎ ሰጥቶናል።

የተቀቀለ እንቁላል ካማራችሁ ዘዴ አለው። ማታ አራት የግማሽ ሊትር ውሃ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡ። ጠዋት እንቁላሉን ከነቅርፊቱ፣ በቀዘቀዙት ጠርሙሶች መሃል አድርጋችሁ በወፍራም ፎጣ ጠቅልሉት። በረዶው ሲቀልጥ ቀዝቃዛ የሚጠጣ ውሃ ሆነላችሁ። ከረጢቱን ስትከፍቱ ሙቀት ከሸተታችሁ ግን እንቁላሉን እርሱት። ከዚህ ሌላ ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ያህል ውሃ ያዙ፤ ፀሐይና ንፋስ ሳይታወቅ ያደርቃሉ።

ለእጅ መታጠቢያም ውሃና ሳሙና ይኑራችሁ። በሐይቁ ውሃ እጅ ወይም ፍራፍሬ እንዳትታጠቡ። ዝዋይ ሐይቅ ቢልሃርዚያ ያለበት ነው፤ ትሉ ደግሞ በቆዳ በኩል ነው የሚገባው።

ይህ ምሳ ሌላም ጥቅም አለው። ስምንት ሰው ሲሰበሰብ ጿሚ አለ፣ የማይጾም አለ፤ ክርስቲያን አለ፣ ሙስሊም አለ። የሥጋው ድስት ሲከፈት ማዕዱ ለሁለት ይከፈላል፣ አንዱ ጥግ ይዞ ዳቦውን ብቻ ይገምጣል። ቆሎ፣ ዳቦና ሙዝ ግን ማንንም አያገልሉም።

ስለ ሥራ ክፍፍሉ ደግሞ ለወንዶቹ አንድ ቃል አለኝ። ወንድሞቼ፣ መኪና መከራየት ስልክ መደወል ነው፤ ለስምንት ሰው ምሳ ማሰናዳት ሌሊቱን መቆም ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። አንዱ ዳቦ፣ አንዱ ፍራፍሬ፣ አንዱ ውሃ፣ አንዱ ቱና ይያዝ። ወጥ አልችልም ያለችውም ልጅ ቆሎ መግዛት አያቅታትም። አንቺም እህቴ፣ ለአንድ ቀን ሽርሽር ብር እንዳትበደሪ።

ጀልባዋ ላይ ስትወጡ መጀመሪያ የመንሳፈፊያውን ጃኬት ልበሱ። የምግቡን ከረጢት ከመሃል፣ ከታች አስቀምጡት። እየሄዳችሁ ቆሎ ቆርጥሙ እንጂ ምሳውን መሬት ስትወርዱ ብሉ። ጉርሻ ለማጉረስ ብሎ ጀልባ ላይ የሚቆም ሰው ሁሉንም ውሃ ውስጥ ሊያጎርስ ይችላል! ቢራውም ይቆይ። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ስለሚነሳ በጊዜ ተመለሱ። ቱሉ ጉዶ፣ በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ተሸሽጋ 70 ዓመት ቆየችባት ተብሎ የሚተረክላት፣ የደብረ ጽዮን ማርያም ደሴት ናት። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ምሳ አትዘርጉ። ልጣጩንም ቆርቆሮውንም ሰብስባችሁ ይዛችሁ ተመለሱ።

አሁን ወደ ልጁ። እህቴ፣ ሌሊቱን ሙሉ ድስት ስታማስይ አድረሽ ጀልባዋ ላይ እንቅልፍ ከሚጥልሽ፣ ተኝተሽ አድረሽ አጠገቡ ተቀምጠሽ ብታወሪው አይሻልም? ብርቱካን ልጠሽ ግማሹን ስጪው። ከተቀበለሽና ከሳቀልሽ ወሬ ጀምሪ። ልቡ ካለ ብርቱካኗ ትበቃዋለች፤ ልቡ ከሌለ ደግሞ የዶሮሽ አሥራ ሁለት ብልትም አያመጣውም።

ክትፎውን አንድ ቀን ቤታችሁ ሲመጣ፣ ከምጣዱ ሥር ትኩሱን ታቀርቢለታለሽ። ያን ጊዜ እኛንም እንዳትረሺን!

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።