ሰገሌ የማን ማሳ ነበረች?

ሰገሌን ሳያት ግር አለኝ። የማውቃት ከታሪክ ደብተሬ ነው። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የወሎው ንጉሥ ሚካኤል እዚህ ተሸንፈው ተማረኩ፤ የዘውዲቱና የአልጋ ወራሹ የራስ ተፈሪ መንግሥትም ጸና። ለፈተና ያጠናነው ይኼንኑ ነው። ያገኘኋት ሰገሌ ግን ጸጥ ያለች የሰሜን ሸዋ ገጠር ናት፤ ገብስ፣ ባቄላ፣ የከብት ድምፅ፣ በቃ።

ቡና ያጠጡኝ አዛውንት፣ «ልጄ፣ ጥቅምት እኮ እህሉ ገና ማሳ ላይ ነው። ያ ሁሉ ሰውና ፈረስ የተራመሰበት ማሳ የማን እንደሆነ ጽፈዋል?» አሉኝ። ምን ልበል? እኔ የያዝኩት የመኳንንቱን ስም ብቻ ነው።

ከዚያ አባታቸው የነገሯቸውን ያወሩልኝ ጀመር፤ ገበሬው ከብቱን ነድቶ ወዴት እንደሸሸ፣ ሲመለስ ምን እንደጠበቀው። የስልኬ ባትሪ አልቋል (ይኼም ጋዜጠኛ ነኝ ይላል!)።

መስክ ውጡ ስንባል የምንሮጠው ወደ ባለሥልጣን ቢሮ ነው። እኔ በበኩሌ፣ ከመስክ ሥራችን አንዱ እንዲህ ያሉ አባቶችን ድምፅ መቅዳት ይሁን እላለሁ፤ ማርክም ይያዝበት። እኔ ለማንኛውም ተመልሼ እሄዳለሁ። አብሮኝ የሚሄድ ካለ ቶሎ ይንገረኝ፤ ሰውየው ሰማንያን አልፈዋል።