ላሊበላ ተብሎ የተመሰገነው ኤምባሲ

በአዲስ አበባ ስላለው የኔዘርላንድ ኤምባሲ ሕንፃ ሲነሣ አንድ ምስጋና ሳይመረመር ይደጋገማል፤ ይኸውም ቀይ መልኩና ከመሬት የተፈለፈለ የሚያስመስለው ቅርጹ የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ስለሚያስታውስ ሕንፃው ለአገሩ ባዳ አልሆነም የሚለው ነው። ምስጋናው ሕንፃውን ከማሳነሱም በላይ፣ ለቦታ ክብር መስጠት ማለት ከቦታው ዝነኛ ቅርስ መልክ መዋስ ነው የሚል ስንፍና ለግንበኞች ያስተምራል።

ንጽጽሩ በአሠራር ረገድ አይቆምም። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተገኙት አለቱ ከላይ ወደ ታች እየተቀነሰ ሲሆን፣ ዲክ ቫን ጋሜረንና ብያርነ ማስተንብሩክ የተባሉ የኔዘርላንድ አርክቴክቶች ከአዲስ አበባው አባ አርክቴክትስ ጋር ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2005 የተጠናቀቀው ኤምባሲ ግን የአርማታ ሥራ ነው፤ ማለትም የሲሚንቶ፣ የአሸዋና የጠጠር ውሁድ በብረት ተጠናክሮ፣ ቅርጽ በሚይዘው ካሳፎርማ ውስጥ እየተሞላ ከታች ወደ ላይ ያደገ ነው። ቀዩ መልክም ከላይ የተቀባ ሳይሆን ከውሁዱ ጋር የተቀላቀለ ነው።

የሕንፃው እውነተኛ ብልሃት ያለው ከመሬቱ ጋር በገባው ውል ነው። አምስት ሄክታር ያህል የሚሆነው ግቢ ተዳፋትና የባሕር ዛፍ ደን ሲሆን፣ አርክቴክቶቹ ኮረብታውን ደልድለው ማማ ከማቆም ይልቅ ረጅምና ዝቅ ያለ አንድ አካል በተዳፋቱ ላይ አጋድመው፣ ጣሪያው ወጥ ከፍታ እንደያዘ ወለሉ የመሬቱን ቁልቁለት እንዲከተል አድርገዋል። የመኪናው መንገድ ይህን አካል አቋርጦ የአምባሳደሩን መኖሪያ ከጽሕፈት ቤቱ ይለያል፤ ውኃ የሚቋጥረው ጣሪያ ደግሞ የኔዘርላንድን ረግረጋማ ምድር ያስታውሳል። እንግዳው መንግሥት ስለ ራሱ የተናገረው በጣሪያው ብቻ መሆኑ ጨዋነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ሕንፃው የአጋ ካን የአርክቴክቸር ሽልማትን ሲያገኝ ከዚህ ሁሉ ይልቅ የላሊበላው ወሬ ገንኖ መቅረቱ ያሳዝናል።

ጉዳቱ የሚታየው ከኤምባሲ አጥር ውጭ ነው። በአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ላይ ላለችው፣ በእሑድ ገበያዋ ለምትታወቀው ቆላማዋ ሰንበቴ የላሊበላ ቅርጽ ምንም አይፈይዳትም። በሌላ በኩል ዘመናዊነት የመስታወት ግድግዳ ነው የሚለው ከዋና ከተማዋ የሚዛመት ፈሊጥ በእንዲህ ያለ ሙቀት የባሰ ጥፋት ነው፤ ምክንያቱም መስታወት የፀሐይን ብርሃን አስገብቶ ሙቀቱን ያግታል፣ የታገተውንም ለማስወጣት መብራት የሚበላ ማቀዝቀዣ ይጠይቃል።

ሰንበቴ ከኤምባሲው መማር ያለባት መልኩን ሳይሆን ከቦታው ጋር መዋዋልን ነው። ኤምባሲው ሰፊ ግቢና የመንግሥት ገንዘብ ነበረው፣ በመንገድ ዳር ጠባብ ቦታ ላይ የሚሠራ ነጋዴ ግን የለውም የሚል መከራከሪያ ይነሣ ይሆናል። ስለ ስፋቱ እውነት ነው። ሆኖም ተዳፋትን ሳይቆርጡ መሥራት የቁፋሮ ወጪ ይቀንሳል፣ ጥልቅ በረንዳና የአካባቢ ድንጋይም በውጭ ምንዛሪ ከሚገባ መስታወት ይልቅ ለነጋዴው አቅም ይቀርባሉ።