የጊታራችን ድምፅ ከምንጩ ይጥራ

በየመኝታ ክፍላችን ኤሌክትሪክ ጊታር በኮምፒዩተር የምንቀዳ ተማሪዎች ጥቂቶች አይደለንም። ድምፁ በታፈነ ቁጥር ግን ወቀሳው ሁሉ በጊታሩ ርካሽነት ላይ ነው። እኛ በበኩላችን ይህን አንቀበልም።

የጊታር ፒክአፕ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ጥቂት ስለሆነ 1 ሚሊዮን ኦም ግድም ያለው መግቢያ ይሻል፤ በሌላ መግቢያ ቢሰኩት ቀጭኑ ድምፅ ይሞታል። ብዙ የመቅጃ ሣጥኖች ለጊታር የሚሆን ማብሪያ አላቸው፤ ከመካከላችን የሚነካው ግን ስንቱ ነው? መጠኑን እስከ ጣሪያው መስቀልስ ምን ይባላል! በ24 ቢት ለሚቀዳ ሰው ከፍተኛው ምት ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል ላይ ቢያርፍ ይበቃል። ጣሪያ ነክቶ የተቆረጠ ድምፅ በኋላ ዝቅ ቢያደርጉት አይድንም።

ለእኛ ደግሞ ነገሩ ከጌጥ ያለፈ ነው። በአንቺ ሆዬ ቅኝት ውስጥ በግማሽ ድምፅ ብቻ የሚለያዩ ድምፆች አሉ፤ ሁለቱ በተዛባ መስመር አብረው ሲያልፉ ሌላ ያልታሰበ ድምፅ ይወልዱና ዜማው ይደፈርሳል።

የመብራቱ የ50 ኸርዝ ጥዝዝታም ቢሆን ከኮምፒዩተሩ ራቅ ብለው ጊታሩን ወዲያና ወዲህ ቢያዞሩት ብዙ ይቀንሳል፤ ይህም ሳንቲም አያስወጣም። የገደል ማሚቶ ደርበው ጉድፉን የሚሸፍኑ ጓደኞቻችን እንግዲህ መጀመሪያ ደረቁን ድምፅ ያሰሙን።