ለምዶ ቢሄድስ?

«አስተምሬው ነገ ከጎኔ ሱቅ ቢከፍትስ?» የመኪና መለዋወጫ ነጋዴው የቆየ ሥጋት ነው። እንዲያው ከመሬት የተነሣ ሥጋትም አይደለም፤ ደንበኛ ይዞ የወጣ ሠራተኛ ሞልቷል።

ለመሆኑ መርካቶን ማን አቀናው? ከጉራጌ አገር መጥቶ በዘመዱ ሱቅ ሲጠርግ፣ ዕቃ ሲያወርድ፣ ቀስ በቀስም ዋጋ የለመደ ልጅ ድርሻው ብዙ ነው። ሲበቃ አሠሪው በዱቤ ዕቃ ሰጥቶ ያቋቁመው ነበር። ልጁም ዕቃ የሚያነሣው ከዚያው ከቀድሞ አሠሪው ነው፤ የተፈራው ተወዳዳሪ ደንበኛ ሆነ ማለት ነው።

ዛሬ ግን ብዙ ባለሱቅ የመግዣ ዋጋውን፣ የአስመጪውን ስልክ፣ የዱቤ መዝገቡን ለብቻው ይዞ ይዞራል። እሱ የታመመ ዕለት ሱቁም ይታመማል። ሠራተኛው «ጋሼ ሲመጡ» ከማለት በቀር መልስ የለውም፤ ገዢው ደግሞ አይጠብቅም፣ ሁለት በር አልፎ ይገዛል። ይህ ኪሳራ በየትኛውም መዝገብ አይገባም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የሙከራ ጊዜን በ60 የሥራ ቀን ወስኗል። በዚህ ጊዜ የዕቃውን ስምና ቁጥር ለይቶ ላወቀ ልጅ ቀጥሎ ቆጠራውን፣ ከዚያም የዱቤ መዝገቡን መስጠት ነው፤ ደመወዙንም እያሳደጉ። ጠዋት ገበያ ሳይሞቅ ግማሽ ሰዓት ለዚህ ይበቃል።