ሐኪሙ ያልጠየቀው ነጭ ሽንኩርት

ሬሆቮት ውስጥ ስለ ነጭ ሽንኩርት ጠንቅቀው የሚያውቁ ሁለት ቦታዎች አሉ። አንዱ የቫይዝማን የሳይንስ ተቋም ነው። ሁለተኛው ደግሞ ብዙ የኢትዮጵያ ልጆች የሚኖሩበት የኪርያት ሞሼ ሸኩና፣ በተለይም የአያቶች ኩሽና ነው። ሁለቱም አንድ ከተማ ውስጥ ናቸው። ሲነጋገሩ ግን የሰማ የለም።

በ1990ዎቹ የተቋሙ ተመራማሪዎች ዳቪድ ሚሬልማንና ሜይር ቪልቼክ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ አሊሲን የተባለው የነጭ ሽንኩርት ንጥረ ነገር የሆድ አሜባን እንዴት እንደሚያጠቃ በላቦራቶሪ አሳይተዋል። አሜባው ያለ እነሱ ሊኖር የማይችላቸውን ኢንዛይሞች ያስራቸዋል። ይህን ዜና ከጎንደር ገጠር ለመጡ እናት ቢነግሯቸው «ታዲያ ይሄ ምኑ አዲስ ነው?» ማለታቸው አይቀርም። ልጅን ሆዱን ሲቆርጠው፣ ጉንፋን ሲይዘው፣ የወባ ወራት ሲገባ ከቤት የማይጠፋው መድኃኒት እሱ ነበር። ከማርና ከዝንጅብል ጋር ይወቀጣል፣ ከፌጦ ጋር ይደባለቃል፣ ሌላ ከሌለም በበርበሬ ተነክሮ በእንጀራ ይጠቀለላል።

ኦሪትን ለሚያነቡት ቄሶችም ቢሆን ነጭ ሽንኩርት እንግዳ አይደለም፤ እስራኤላውያን በበረሃ ሆነው ከናፈቋቸው የግብፅ ምግቦች አንዱ መሆኑ ዘኁልቁ ምዕራፍ 11 ላይ ተጽፏል። ታልሙድ ደግሞ አልፎ ይሄዳል፤ ባባ ካማ በሚባለው ክፍል ሰውነት ማሞቁን፣ ፊት ማብራቱን፣ የሆድ ትል መግደሉን ይቆጥርለትና ዓርብ መብላቱንም ከዕዝራ ሥርዓቶች ጋር ይደምረዋል። ታልሙድን እዚህ አገር ከደረሱ በኋላ የተዋወቁት ሽማግሌዎች ከረቢዎቹ ጋር ብዙ የተከራከሩበት ነገር አለ። በነጭ ሽንኩርት ግን የሚጣሉበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ «መድኃኒት ነው ወይስ አይደለም» እያሉ መከራከሩ ጊዜ መፍጀት ነው። ነጭ ሽንኩርት ሰውነት ውስጥ ሥራ ይሠራል። ሥራ የሚሠራ ነገር ከሆነ ደግሞ ምን ያህል እንደሚሠራ፣ ከምን ጋር እንደሚጋጭና ማን ሊያውቀው እንደሚገባ መጠየቅ አለበት። የሚያሳዝነው በየኩፓት ሆሊሙ ይህን የሚጠይቅ ሰው መጥፋቱ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባልተነካ ነጭ ሽንኩርት ውስጥ አሊሲን የለም ማለት ይቻላል። ያሉት አሊን የተባለ ንጥረ ነገርና አሊኔዝ የተባለ ኢንዛይም ናቸው፤ በየክፍላቸው ተለያይተው ነው የሚቀመጡት። ሲወቀጥ፣ ሲከተፍ ወይም ሲታኘክ መሀላቸው ያለው ግድግዳ ይፈርስና ይገናኛሉ፤ አሊሲን የሚወለደው ያኔ ነው፣ አፍንጫ የሚወጋው ሽታም አብሮት ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1944 ካቫሊቶና ቤይሊ የተባሉ አሜሪካውያን ኬሚስቶች ለይተው ያወጡት ይህንኑ ሲሆን፣ ባክቴሪያን እንደሚከላከልም ያኔውኑ ጽፈዋል።

ይህን ማወቅ ለቤት ይጠቅማል። ሽታውን ፈርቶ ፍሬውን ሳያኝክ እንደ ክኒን በውኃ የሚውጥ ሰው ጥቂት አይደለም። እንደዚያ ከተዋጠ ግድግዳው ሳይፈርስ ሆድ ይገባል፣ ኢንዛይሙንም የጨጓራ አሲድ ያበላሸዋል። ከሽታው ሲሸሽ ከመድኃኒቱም ሸሸ ማለት ነው። ወጥ ውስጥ ገብቶ አንድ ሰዓት ሲንተከተክ የሚቆየውም ጣዕሙ እንጂ አሊሲኑ አይተርፍም፣ ሙቀት ኢንዛይሙን ይገድለዋልና። ወቅጠው 10 ደቂቃ ያህል አቆይተው ወደ ድስቱ የሚጨምሩት ባለሙያ ሴቶች ሳያውቁት ኬሚስት ናቸው።

ጥቅሙስ ምን ያህል ነው? የተሻለው ማስረጃ ያለው በደም ግፊት ላይ ነው። የብዙ ጥናቶችን ውጤት ደምረው ያዩ ተመራማሪዎች፣ ግፊት ያለባቸው ሰዎች የነጭ ሽንኩርት እንክብል ለሳምንታትና ለወራት ሲወስዱ የላይኛው ቁጥር በአማካይ 8 ያህል እንደሚወርድ አግኝተዋል። 8 ትንሽ ቁጥር አይደለም፤ አንዳንድ ክኒን ራሱ ከዚያ ብዙ አያወርድም። ነገር ግን 180 ላይ የቆመን ግፊት 172 ነው የሚያደርገው፣ 172 ደግሞ አሁንም ስትሮክ የሚጠራ ቁጥር ነው። የተለካውም በፋብሪካ የተመጠነው እንክብል እንጂ ከሹክ በጅምላ የተገዛው ራስ አይደለም።

ኮሌስትሮል ላይ ተስፋው ቀዝቅዟል። በ2007 የወጣው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 192 ሰዎችን ለ6 ወር፣ በሳምንት 6 ቀን፣ ገሚሱን ጥሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ገሚሱን እንክብል፣ ሌላውን ደግሞ መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ ሰጥቶ ሲለካ መጥፎው ኮሌስትሮል አልተነቃነቀም። (ጥሬውን በሳንድዊች ነበር የሚያበሏቸው። እንጀራ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ይጣፍጣቸው ነበር።) ጉንፋን ላይ በ2001 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት አለ፤ 146 ሰዎች ለ12 ሳምንት ተከታትሎ፣ እንክብሉን በወሰዱት ላይ 24 ጊዜ፣ ባልወሰዱት ላይ 65 ጊዜ ጉንፋን ቆጥሯል። ደስ የሚል ውጤት ነው፣ ግን አንዲት ጥናት ብቻዋን ዳኛ አትሆንም። ኮሮና በገባ ሰሞን በዋትስአፕ ከዘመድ ወደ ዘመድ ሲዞር የነበረው ምክርማ ባይነሣ ይሻላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው በ2020 መጀመሪያ ነጭ ሽንኩርት ከኮሮና እንደሚጠብቅ ማስረጃ የለም ብሎ መልሷል።

ከኢትዮጵያ የመጡት ወላጆችና አያቶች ሲመጡ የስኳር በሽታ እምብዛም የማይታይባቸው ነበሩ። ነጭ ዳቦ፣ ጣፋጭ መጠጥና መቀመጥ የበዛበት ኑሮ ውስጥ ከገቡ በኋላ ስኳሩም ግፊቱም ተከተላቸው። ዛሬ በብዙ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሰባት ቀን የክኒን ሣጥን አለ፣ ከሣጥኑ አጠገብ ደግሞ ነጭ ሽንኩርቱ። ጎን ለጎን ቢቀመጡ ክፋት የለውም። አንዱ የሌላውን ቦታ ሲወስድ ነው ነገር የሚበላሸው። ክኒኑ ራስ ያዞራል፣ እግር ያሳብጣል፣ ሽንት ቤት ያመላልሳል። ነጭ ሽንኩርቱ ከሽታው በቀር ጣጣ የለበትም። ግፊት ደግሞ አያምም፤ ክኒኑን ያቆመ ሰው ለወራት ምንም ሳይሰማው ይቆይና ለጎረቤቱ «ይኸው ነጭ ሽንኩርቱ አዳነኝ» ይላል። ጎረቤትም ያምናል፣ ለምን አያምን?

በሐኪሙ ክፍል ውስጥ የሚሆነው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ሐኪሙ ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ አያትየዋን በዕብራይስጥ ይጠይቃል። ለማስተርጎም ከትምህርት ቤት የቀረው የልጅ ልጅ «ሳቭታ፣ ክኒን ትወስጃለሽ ወይ ነው የሚልሽ» ይላቸዋል፤ አማርኛው ከቤት ያልወጣ ልጅ ነውና አንቱታ ከእሱ አይጠበቅም። አያት «አዎ፣ የሰጡኝን» ብለው ይመልሳሉ። አልዋሹም፣ ነጭ ሽንኩርት ክኒን አይደለማ። «የሐበሻ መድኃኒት ይወስዳሉ?» ቢባሉ እንኳ ወደ ልባቸው የሚመጣው ኮሶ ወይም አዋቂ የሚቀምመው ሥር ነው። በየቀኑ ለወጥ የሚከተፈውን ማን መድኃኒት ብሎ ይቆጥረዋል? ሐኪሙ ኮምፒውተሩ ላይ «ሌላ የለም» ብሎ ይጽፋል፣ ቀጣዩ ሰው ይገባል።

አንዳንዴም አውቀው ይተዉታል። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ፊት የአገር ቤት መድኃኒት ማንሣት ኋላ ቀር የሚያስብል ይመስላቸዋል። ይህ ፍርሃት ከሰማይ አልወረደም። በጥር 1996 የኢትዮጵያ ልጆች የለገሱት ደም በድብቅ ይጣል እንደነበር ማዓሪቭ ጋዜጣ ሲያወጣ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ኢየሩሳሌም ወጥተው ጮኸዋል። ደሙ የተጣለበት ሰው ኩሽናውን ለሐኪም ለመክፈት ቢያመነታ አይፈረድበትም።

ዝምታው ግን ዋጋ ያስከፍላል። ነጭ ሽንኩርት፣ በተለይ በብዛት በጥሬው ወይም በእንክብል ሲወሰድ፣ የደም መርጋትን ያዘገያል። ኩማዲን ለሚወስድ፣ ወይም ካርቲያና ማይክሮፒሪን በሚባሉት ስሞች በየቀኑ አስፕሪን ለሚውጥ ሰው አንዱ ሥራ ሁለት ጊዜ ተሠራ ማለት ነው። በ1990 አንድ የሕክምና መጽሔት የ87 ዓመት አዛውንት ታሪክ አውጥቶ ነበር፤ ሳይወድቁ፣ ሳይመቱ አከርካሪያቸው ውስጥ ደም ፈሰሰ፣ ምክንያቱ ሲፈለግ በቀን 4 ፍሬ ያህል ነጭ ሽንኩርት እንደሚበሉ ታወቀ። በአንድ ሰው የደረሰ ነገር ለሁሉ ሕግ አይሆንም። ሆኖም የተጠየቁት ከደረሰባቸው በኋላ ነው። ቀዶ ሕክምና የሚጠብቅ ሰው የነጭ ሽንኩርት እንክብል ቢያንስ ከ7 ቀን በፊት እንዲያቆም የሚመከረውም ለዚሁ ነው፤ ጥርስ ለማስነቀል የሚሄድም ቢናገር ይበጀዋል። በ2001 ደግሞ የአሜሪካ ተመራማሪዎች የነጭ ሽንኩርት እንክብል ሳኩዊናቪር የተባለውን የኤች አይ ቪ መድኃኒት በደም ውስጥ በግማሽ ያህል እንደሚቀንሰው አሳይተዋል። ሕመሙንም ነጭ ሽንኩርቱንም የሚደብቅ ሰው ምን እንደሚገጥመው ማሰብ ነው።

ወጥ ውስጥ ለገባው ግን የሚያስፈራ ነገር የለም፣ ማንም ዶሮ ወጡን እንዳይተው። ከማብሰያው ይልቅ ማስቀመጫው ነው ጥንቃቄ የሚፈልገው። ፈጭቶ በዘይት ዘፍዝፎ ከፍሪጅ ውጭ ለሳምንት ማኖር አደገኛ ነው፤ አየር በማይደርስበት ዘይት ውስጥ ቦቱሊዝም የሚያመጣው ባክቴሪያ ይራባል፣ በ1985 ካናዳ ቫንኩቨር ውስጥ 36 ሰዎች የታመሙት እንዲህ ባለ ነጭ ሽንኩርት ነው። ጥሬውን ወቅጦ በሕፃን ቆዳ ላይ አስሮ ማቆየትም እንደ እሳት ያቃጥላል።

ጥፋቱን ሁሉ ሽማግሌዎቹ ላይ መጣል ቀላል ነው፣ ትክክል ግን አይደለም። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ያወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት ለሕመምተኛው በቋንቋውና በባህሉ እንዲመቹ ያዛል። በስልክ የአማርኛ ማስተርጎም አለ። ስሙን ከአማርኛው ጤናና ከዕብራይስጡ ብሪዑት አጣምሮ የሠራው ተነ ብሪዑት የተባለው ድርጅትም ለዓመታት በዚሁ ጉዳይ ደክሟል። ይህ ሁሉ እያለ የ12 ዓመት ልጅ ስለ አያቱ ደም መርጋት እንዲያስተረጉም ማድረግ ለሐኪሙም ለልጁም አያምርም። ልጁ «ሮፌው እንዲህ አለ» ይላል እንጂ የሚጠይቀውን አያውቅም።

ጥያቄውን መለወጥ ደግሞ በጀት አይጠይቅም። የቤተሰብ ሐኪሙ፣ ነርሷ ወይም ፋርማሲስቱ «ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ካሉ በኋላ በባለሙያ አስተርጓሚ አንዲት ነገር ይጨምሩ፦ «እማማ፣ ለጤናዎ ብለው በየቀኑ የሚበሉት ወይም የሚጠጡት ነገር አለ? ስንት ፍሬ ነው፣ ጥሬውን ነው ወይስ የበሰለውን? እሱን ሲጀምሩ ያቆሙት ክኒንስ አለ?» መልሱም ሳይሣቅበት ፋይሉ ውስጥ፣ ከኩማዲኑ ሥር ይጻፍ።