የጫጩቷ እናት ማን ናት?

በጓሮ እንቁላል ጣይ ዶሮ ለማርባት ለሚነሣ ሰው ጉዳዩ ሁለት መልክ አለው፤ ኋላ የሚታረም እና የማይታረም። የቤቱ መጥበብ ይታረማል። የመኖው ማነስም፣ የፈንግል ክትባት መዘግየትም በጊዜ ከተደረሰባቸው ይታረማሉ። የጫጩቷ ዘር፣ በእንቁላል በኩል ከእናቷ የወረሰችው በሽታና በተፈለፈለች ዕለት ያላገኘችው ክትባት ግን ገዢው ኋላ ላይ ምንም ቢለፋ አይመለሱም። ሦስቱም ያሉት በማስፈልፈያው እጅ ነው። ገበያው የሚሄደው ደግሞ በተቃራኒው ነው። ሰሞኑን በካርቶን ተይዘው በየሰፈሩ የሚዞሩት ጫጩቶች ዋጋቸው ይጠየቃል፣ ቀለማቸው ይደነቃል፤ እናታቸውን የሚጠይቅ የለም።

ከዘር ይጀመር። ቦቫንስ ብራውንና ሎማን ብራውን ለእንቁላል ብቻ የተዳቀሉ ናቸው። ሳሶ ለሥጋም ለእንቁላልም ትሆናለች። ኮኮክ የደቡብ አፍሪካ ዝርያ ስትሆን፣ ሆሮ ደግሞ በደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በምርጫ የተሻሻለች የወለጋ የአገር ዶሮ ናት። ቡናማዎቹ ድቅሎች ሙሉ የጣይ መኖ እየበሉ በዓመት ወደ 300 እንቁላል ይጠጋሉ፤ የአበሻ ዶሮ በራሷ ለቅማ ብዙውን ጊዜ ከ60 አትዘልም። ሻጭ ሁሉ የሚጠራው ይህንኑ 300 ነው። ቁጥሩ ውሸት አይደለም፤ የተመዘነ መኖ፣ የተስተካከለ ብርሃንና ንጹሕ ቤት ላላት ዶሮ የተነገረ ነው እንጂ የእንጀራ ፍርፋሪና የሽንኩርት ልጣጭ ለምትጭር ዶሮ አይደለም። ለጓሮ ከሆነ ሳሶ ወይም ኮኮክ ይሻላል፤ ቦቫንስ መኖ በተወደደ ቁጥር ባለቤቱን ታስለቅሳለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነገር ይቀራል። ቦቫንስ፣ ሎማንና ሳሶ የተለያዩ የወላጅ መስመሮች ተዳቅለው የሚገኙ የመጨረሻ ድቅሎች ናቸው። የእነሱ እንቁላል ከአውራ ተገናኝቶ ቢፈለፈል ጫጩቶቹ እናታቸውን አይመስሉም፤ አንዷ ትጥላለች፣ ሌላዋ ትሰባለች፣ ሦስተኛዋ ሁለቱንም አታደርግም። ኮኮክ ግን ራሷን የቻለች ዝርያ ስለሆነች ልጇ እሷኑ ይመስላል። በየቤቱ በትንሽ የኤሌክትሪክ ማስፈልፈያ ከሰፈር እንቁላል ጫጩት አውጥቶ «የሳሶ ነው» ብሎ የሚሸጥ ሰው ማሽኑ ላይ ችግር የለበትም፤ ችግሩ እንቁላሉ ነው። የወላጅ መንጋ የሌለው አስፈልፋይ የድቅል ዘር አለኝ ማለት አይችልም። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርግም መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ሃያ አንዱ ቀን ከመድረሱ በፊት ለሰዓታት የቀዘቀዘ እንቁላል ቢፈለፈል እንኳ ደካማ ጫጩት ይሰጣል።

በሽታው ከዘሩ ይከፋል። ነጭ ተቅማጥ የሚባለው ፑሎረምና የዶሮ ታይፎይድ ከእናቲቱ በእንቁላል በኩል ወደ ጫጩቷ ይተላለፋሉ። ከዚያም በማሽኑ ውስጥ አንዷ የታመመች ጫጩት አብረዋት የተፈለፈሉትን ሁሉ ትበክላለች። መድኃኒቱ የወላጅ መንጋውን ደም መርምሮ ተሸካሚዎቹን ማስወገድ ነው፤ ይህም ገዢ የማይደርስበት ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ ነው። ማሬክ ደግሞ በተፈለፈሉበት ዕለት አንገታቸው ሥር ከቆዳ በታች በሚወጋ ክትባት የሚከላከሉት ቫይረስ ነው። ያልተከተበች ጫጩት ጤነኛ መስላ ታድጋለች፤ በሦስተኛው፣ በአራተኛው ወር፣ ልክ ልትጥል ስትል አንድ እግሯን ወደ ፊት ሌላውን ወደ ኋላ ዘርግታ ትወድቃለች። ባለቤቱም መኖውን ይረግማል፣ ጎረቤቱም ቡዳ ነው ይላል። ጥፋቱ የተሠራው ግን ገና ካርቶን ውስጥ ሳትገባ ነው።

ትልልቅ ማስፈልፈያዎች ለአንድ ቤት አምስት ጫጩት አይሸጡም። በ2010 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሥራውን በትግራይ የጀመረው ኢትዮ ቺክንም ቢሆን የአንድ ቀን ጫጩት በብዛት የሚያስረክበው ለአሳዳጊዎች ነው፤ እነሱ 45 ወይም 60 ቀን ያህል አሳድገውና ከትበው ለቤተሰብ ይሸጣሉ። ስለዚህ የጓሮ አርቢ የሚመርጠው ማስፈልፈያውንም አሳዳጊውንም ነው። ጥሩ አሳዳጊ የተፈለፈሉበትን ቀን፣ የመጡበትን ድርጅትና ከማሬክ ወዲህ የተሰጡትን የፈንግልና የጉምቦሮ ክትባቶች ከነቀናቸው ጽፎ ይሰጣል። «ሁሉንም ተከትበዋል» መልስ አይደለም። ከሦስት ገበያ የለቀመውን ቄብ በአንድ ቅርጫት ቀላቅሎ የሚያመጣ ደላላ ደግሞ የሦስት ሰፈር በሽታ በአንድ ዋጋ ይሸጣል።

የአንድ ቀን ጫጩት የሚገዛ ሰው ወረቀቱን ካየ በኋላ ጫጩቷን ይገልብጥ። እትብቷ ደርቆ የተዘጋ፣ ቂጧ ኩስ ያልተለጠፈበት፣ እግሯ የሚያብረቀርቅ መሆን አለበት። በጀርባዋ ስትተኛ ወዲያው ተፈራግጣ ትነሣለች፤ ተዘርግታ የቀረችውን ሻጩ ራሱ ይውሰዳት። አስኳሏ ሆዷ ውስጥ ስላለ ሁለት ቀን ያህል ሳትበላ መንገድ ትችላለች፣ ብርድ ግን አትችልም፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ያስፈልጋታል።

ቀለሟም ወሬ አለው። በቡናማዎቹ ጣዮች ሴቷ ስትፈለፈል ቡናማ፣ ወንዱ ነጣ ያለ ቢጫ ነው፤ የሚለዩትም በዚሁ ነው። ርካሽና የሚያምር ቢጫ ጫጩት የምትሸጥ ካርቶን ባብዛኛው የወንዶች ናት ማለት ነው፤ ልጆች ይወዷቸዋል፣ እንቁላል ግን ሲጠበቅ ይኖራል። ጀርመን ከ2022 መጀመሪያ አንሥቶ እነዚህን ወንዶች በተፈለፈሉበት መግደልን ከልክላለች። እዚህ ደግሞ ለእንቁጣጣሽ ይደርሳሉ ተብለው ይያዛሉ። የጣይ ዘር ወንድ መኖ ይበላል እንጂ ሥጋ አያወጣም፤ 12 ብልት መሆኑ ባይቀርም ከወጡ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል።

ማስፈልፈያ በሌለበት ገጠር አሮጌው መንገድ አሁንም ይሠራል። መታቀፍ የያዛት የአበሻ ዶሮ ከታመነ ጎረቤት የመጣ የኮኮክ እንቁላል፣ አሥር አሥራ ሁለት ያህል፣ ከሥሯ ቢደረግላት ያለ መብራትና ያለ ቴርሞሜትር ታወጣለች፣ ከጭልፊትም ትከላከላለች። የማሬክ ክትባት በዚህ መንገድ አይገኝም፤ የፈንግሉ ግን በቢሾፍቱው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም ይመረታል። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሚሆንና ከተከፈተ ስለማይቆይ ጎረቤት ተሰባስቦ በአንድ ቀን ቢያስከትብ ይሻላል። ለፋሲካ ፍስክ እንቁላል እንዲደርስ የሚፈልግ ደግሞ በኅዳር የተፈለፈሉትን ይያዝ፤ አምስት ወር ገደማ ይፈጃሉ። ደህና አሳዳጊዎች ጋ ተራው ስለሚረዝም ማዘዝ ያለበት በጥቅምት ነው።