የተሸነፉበትን ጨዋታ መልሶ መክፈት

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፏል። ነገ ሥራ ያለው ሰው አልጋው ላይ ተጋድሞ፣ ስልኩን ፊቱ ላይ ደቅኖ «አንዲት ብቻ ተጫውቼ ልተኛ» ይላል። የሦስት ደቂቃ ቼስ ናት። ይሸነፋል። ተሸንፎ እንቅልፍ የለምና ደግሞ ይጀምራል። ስምንት ሰዓት ላይ ስልኩን ሲያስቀምጥ ነጥቡ አሽቆልቁሏል፤ ከተጫወታቸው ጨዋታዎች ግን አንዱን እንኳ አያስታውስም።

በኢንተርኔት ቼስ የሚጫወት ሁሉ ይህን ሌሊት ያውቀዋል። ዓመት ሙሉ በየቀኑ ተጫውቶ ነጥቡ ካለበት ፈቀቅ ያላለለት ሰው ሲጠየቅ «የእኔ ጭንቅላት ለቼስ አልተፈጠረም» ይላል። ምስኪን ጭንቅላት፣ በሌለበት ተፈረደበት።

ሽንፈትን እንዴት መጠቀም እንደሚቻል ያሳየው ሚኻይል ቦትቪኒክ ነው። የኤሌክትሪክ መሐንዲስ የነበረው ይህ የሶቪየት ተጫዋች የተነጠቀውን የዓለም ሻምፒዮንነት ሁለት ጊዜ አስመልሷል። እ.ኤ.አ. በ1957 ስሚስሎቭ አሸነፈው፤ በዓመቱ ዘውዱን መልሶ ወሰደ። በ1960 የመጣበት ግን ሌላ ዓይነት ሰው ነበር። የ23 ዓመቱ የሪጋ ልጅ ሚኻይል ታል ፈረሱንም ግንቡንም እየሰዋ፣ ሰሌዳውን እያተራመሰ 12½ ለ8½ ረታው። ብዙዎች የአንጋፋው ዘመን አበቃ አሉ። ቦትቪኒክ ግን የታልንና የራሱን ጨዋታዎች እየበለተ ከረመ። ታል ግርግር ውስጥ የማይቻል ሰው ነው፤ ንግሥቶቹ ተበላልተው ሰሌዳው ሲረጋ ግን ያ ኃይሉ ይቀንሳል። በ1961 ዳግም ሲገናኙ አንጋፋው ጨዋታውን ወደዚያው ወደ እርጋታው ጎተተው። 50 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት 13 ለ8 አሸንፎ ተመለሰ።

ይኸው ሰው ትንታኔዎቹን አሳትሞ ማውጣት ይወድ ነበር፤ ሌሎች ስህተቱን እንዲነግሩት። በኋላ የዓለም ሻምፒዮን የሆኑት ካርፖቭ፣ ካስፓሮቭና ክራምኒክ በእሱ እጅ ያለፉ ተማሪዎች ናቸው። ስለ ፈጣን ጨዋታ ሲጠየቅ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ባቡር ላይ፣ በ1929 ተጫውቻለሁ ብሎ መለሰ እየተባለ ይቀለድበታል።

ተቀምጦ መመርመር የአንድ ሰው ጠባይ ብቻ አይደለም። ኒል ቻርነስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ የተጫዋችን ደረጃ ከምንም በላይ የሚያመለክተው ብቻውን ተቀምጦ ያጠናበት ሰዓት ሆኖ ተገኝቷል። ግራንድ ማስተሮቹ በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት ወደ 5,000 ሰዓት ያህል ብቻቸውን አጥንተዋል፤ ከመካከለኛ ተጫዋቾች አምስት እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ሰዓት ሁሉን ይፈታል ማለት ግን አይደለም። ተመራማሪዎቹ ጎቤና ካምፒቴሊ ከሁለት ዓመት በኋላ እንዳሳዩት አንዱ በ3,000 ሰዓት ገደማ የደረሰበት የማስተርነት ደረጃ ሌላውን ከ23,000 ሰዓት በላይ አስፈጅቶታል። ተሰጥኦ አለ። ሆኖም የራሱን ጨዋታ አንድም ቀን መርምሮ የማያውቅ ሰው ስለ ተሰጥኦው ለማማረር ገና ነው።

እንግዲህ አንድ ሰዓት ያለው ሰው ምን ያድርግ? በዚያች ሰዓት የሦስት ደቂቃ ጨዋታ ከአሥር በላይ ይገባባታል። አለዚያ ለየተጫዋቹ 15 ደቂቃ ተሰጥቶ በየእርምጃው 10 ሰከንድ የሚጨመርበት አንድ ጨዋታ፣ ከነምርመራው። ይህ ጸሐፊ ያለማመንታት ሁለተኛውን ይመርጣል።

የምርመራው አያያዝም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ዛሬ ስቶክፊሽ የተባለው ፕሮግራም ማንኛውንም የዓለም ሻምፒዮን የሚያስከነዳ ሆኖ ሳለ ስልክ ላይ በነፃ ይጫናል። ጨዋታው እንዳለቀ ቁልፉን መጫን ነው፤ ስህተቶቹ በቀለም ተለይተው ይደረደራሉ። ተጫዋቹ «አሃ፣ ለካ ፈረሱን ነበር ማንቀሳቀስ» ብሎ ይዘጋዋል። ተማረ? አልተማረም። የፈተና መልስ ከጓደኛው ወረቀት ላይ እንዳየ ተማሪ ነው። ማሽኑ 14ኛው እርምጃ ላይ ንግሥቱን በፈረስ እንዳስበላ ይነግረዋል፤ በዚያች ቅጽበት ምን እያሰበ እንደነበር ግን ሊነግረው አይችልም። ያንን የሚያውቀው ራሱ ብቻ ነው፣ እሱም ትዝታው ትኩስ ሳለ። ስለዚህ መጀመሪያ ያለ ማሽን፣ የት እንደተሳሳተና ለምን እንደተሳሳተ በገዛ ቃሉ ይጻፍ፤ ስቶክፊሽ የሚጠራው ከዚያ በኋላ፣ ለማረሚያ ነው።

ሰው ልብ የማይለው አንድ ማስረጃም አለ፤ ሰዓቱ። የኢንተርኔት መጫወቻዎቹ በእያንዳንዱ እርምጃ ላይ ስንት ሰከንድ እንደጠፋ ይመዘግባሉ። ያች ንግሥት የተበላችበት እርምጃ በሁለት ሰከንድ የተሄደ ሆኖ ይገኛል፤ ስምንት ደቂቃ ቀርቶት እያለ! ችግሩ የእውቀት ማነስ ሳይሆን የጣት ፍጥነት መሆኑን ማንም አሠልጣኝ ከዚህ በግልጽ አያሳየውም። አንዳንዱ ደግሞ በተቃራኒው አምስተኛው እርምጃ ላይ አራት ደቂቃ ያባክንና መጨረሻው ላይ በጥድፊያ ይሞታል። ሁለቱ በሽታዎች መድኃኒታቸው አንድ አይደለም።

ሂካሩ ናካሙራስ የሚል ይኖራል። በ15 ዓመቱ ግራንድ ማስተር የሆነው አሜሪካዊ ከልጅነቱ ጀምሮ በኢንተርኔት ፈጣን ጨዋታ የተጫወተ ሰው ነው። ልክ ነው። ግን የእሱ ዓይን በሦስት ሰከንድ የሚያየውን የጀማሪ ዓይን አያየውም። ተመራማሪዎቹ ቼይስና ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1973 እንዳሳዩት፣ ጠንካራ ተጫዋች ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ ሰሌዳን ለጥቂት ሰከንድ አይቶ አብዛኛውን በቃሉ መልሶ ይደረድራል፤ ጠጠሮቹ በዘፈቀደ ከተበተኑ ግን ከጀማሪው ብዙም አይሻልም። ፍጥነቱ የቆመው በተጠራቀመ ቅርጽ ላይ ነው። ቅርጹ ደግሞ በጥድፊያ አይጠራቀምም።

የእኛው ሰንጠረዥ ይህን ያወቀ ይመስላል። በጥንቱ የአገራችን አጨዋወት ሁለቱ ተጋጣሚዎች መጀመሪያ ተራ ሳይጠባበቁ ጠጠሮቻቸውን እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ፤ ይህ ወረራ ይባላል። የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ በኋላ ግን ወረራው ያበቃል፣ ተራ በተራ ይሆናል። የአንድ ደቂቃ ቼስ የሚጫወት ሰው ከወረራው ሳይወጣ ዓመታት ይቆያል።

ለመመርመር ገንዘብ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2010 በፈረንሳዊው ቲቦ ዱፕሌሲ የተጀመረው ሊቼስ የተባለ የኢንተርኔት መጫወቻ እንቆቅልሹንም የማሽን ትንታኔውንም በነፃ ይሰጣል፤ ስህተት የተሠራባቸውን ሰሌዳዎች መልሶ እያቀረበ «እስቲ የተሻለውን ፈልግ» የሚል ክፍልም አለው። እዚያ የተጫወተ ሰው የተሸነፈባቸው ጨዋታዎች፣ የመጀመሪያው ቀን እንኳ ሳይቀር፣ ከነሰከንዳቸው ተቀምጠውለታል።